የሰው ቦታ

ባለፈው ጥቅምት ብሌን የምትባል የአርክቴክቸር ተማሪ ደወለችልኝ። የመመረቂያ ጽሑፏን በእኔ ሕይወትና ሥራ ላይ ልታደርግ አስባ መምህሯም ተስማምተውላታል። በሕይወት መኖሬን ያወቀችው በቅርቡ ይመስለኛል፤ ድምፄን ስትሰማ ደንገጥ ብላለች። ጡረታ የወጣ ሰው እንዲህ ያለ ስልክ ሲመጣለት ደስ ሊለው ይገባል። እኔም ለጥቂት ጊዜ ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ፣ ሌላውን ሁሉ ከማየቷ በፊት ሐዋሳ ያለውን ባለእርከኑን ቤት ከእኔ ጋር ሄዳ ማየት እንደምትፈልግ ነገረችኝ።

"ጋሼ፣ የእርስዎ ሥራ የሚጀምረው ከዚያ ቤት አይደል?" አለችኝ።

ነው አልኳት። እውነቷን ነው፤ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ምሳዬን መብላት አቃተኝ። ባለቤቴ ምን ሆንክ ስትለኝ ጨጓራዬ ነው አልኳት። ጨጓራዬ ምንም አልሆነም፤ የዚያ ቤት ስም በተነሳ ቁጥር እንዲህ ያደርገኛል። ሰው ያመሰገነኝን ያህል አፍርበታለሁ፤ ይህን ደግሞ እስከዛሬ ለባለቤቴም በወጉ አልነገርኳትም።

ያኔ ከተማዋ ገና አዋሳ ነበረች፤ ከፊቷ ያለችው "ሐ" አልተመለሰችላትም። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። የክልል መቀመጫ ሆና ስለነበር በየሰፈሩ ይቆፈራል፣ ይገነባል፤ ከየአቅጣጫው የመጣ ሠራተኛ የሚከራይ ቤት ፍለጋ ይንከራተታል። እኔ ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ብዙም ሳልቆይ አንድ ትንሽ አማካሪ ቢሮ ቀጠረኝና ከአዲስ አበባ ሄድኩ። ቢሮው ከዳቦ ቤት በላይ ያለች አንዲት ክፍል ነበረች። ጠዋት ጠዋት የንድፍ ወረቀቱ ሁሉ ትኩስ ዳቦ ይሸት ነበር፤ ርቦኝ የሠራሁት ሥራ ከጠገብኩበት ሳይሻል አይቀርም።

ወደ ሥራ ቦታ የምሄደው በብስክሌት ነው። አዋሳ ለብስክሌት የተፈጠረች ከተማ ነበረች። ጋሪዎቹ በቀኝ በግራ ሲያልፉ የፈረሱ ኮቴ አስፋልቱን ይመታል፤ ከሐይቁ የሚነፍሰው ነፋስ ዓሣና እርጥብ ቄጤማ ይሸታል። ምሳችንን ሐይቁ ዳር ዓሣ ለብለብ በዳጣ እንበላለን። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እንደ ጡረተኛ ሽማግሌ አንገታቸውን ቀብረው አጠገባችን ይቆሙና አጥንቱን ይጠብቃሉ። ሰው ሁሉ "ኢንጂነር" ይለኛል፤ እኔ ደግሞ አፍንጫዬን ነፋ አድርጌ "አርክቴክት" ብዬ አርማለሁ። ልዩነቱን የጠየቀኝ ሰው ግን አልነበረም፤ ለማስረዳት ተዘጋጅቼ ነበር የምጠብቀው።

በአዋሳ ላይ አንድ ቅሬታ ብቻ ነበረኝ። ከተማዋ ሜዳ ናት። ከታቦር ተራራ ሲወረድ ሁሉም ነገር እንደ ሰፌድ ዝርግ ነው። እኔ ደግሞ ትምህርት ቤት ሳለሁ የወደድኳቸው ቤቶች ሁሉ ዳገት ላይ የተንጠለጠሉ፣ ደረጃ በደረጃ የሚወርዱ፣ ከአንዱ ወለል ሌላው ወለል የሚታይባቸው ነበሩ። ሜዳ መሬት የተሰጠኝ እንደሆነ የተሰደብኩ ይመስለኝ ነበር። አሁን ስለዚህ ሳስብ መሬት ሜዳ መሆኑ ለስንት ነገር እንደሚጠቅም ይገባኛል፤ በሃያ ስድስት ዓመት ግን ሰው የሚገባው የራሱ ምኞት ብቻ ነው።

ጋሽ ደምሴ ወደ ቢሯችን የመጡት በዚህ መሃል ነው። እዚያው አዋሳ፣ አዲስ ከተማ በሚባለው ሰፈር፣ መኪና ተራው አጠገብ የመለዋወጫ ሱቅ ነበራቸው። ገና በልጅነታቸው ከቡታጅራ አካባቢ መጥተው፣ ከሰው ሱቅ ተላላኪነት ጀምረው፣ የራሳቸውን የከፈቱ ሰው ናቸው። ትከሻቸው ሰፊ፣ ድምፃቸው ግን ትንሽ ነው፤ ሲናገሩ ሰው ጠጋ ብሎ ነው የሚሰማቸው። ሐይቅ ዳር ቦታ አግኝተው ኖሮ ቤት እንድሠራላቸው ፈለጉ። ስንት ክፍል፣ ምን ዓይነት ጣሪያ ብዬ ጥያቄ ሳበዛባቸው ሳቁ።

"ክፍሉን አንተ እንደመሰለህ አድርገው። የተማረ ይግደለኝ" አሉኝ። "የምለምንህ አንድ ነገር ብቻ ነው። የሰው ቦታ ተውልን።"

የሰው ቦታ። እኔ የገባኝ እንግዳ የሚቀመጥበት ነው። ሰው የሚወዱ ሰዎች ናቸው፣ ሰፊ ሳሎን ይፈልጋሉ አልኩ በልቤ። ጋሽ ደምሴ ያሉት ግን ስለ ሳሎን አልነበረም። ከቤቱ ፊት ለፊት ድንኳን የሚተከልበት ባዶ መሬት ነው የጠየቁኝ። ይህን ደግሞ በግልጽ ሊሉት አይችሉም፤ መሠረቱ ገና ባልተቆፈረ ቤት ላይ ስለ ለቅሶ የሚያወራ ሰው ሟርተኛ ነው። ስለዚህ ዙሪያውን ዞረው ተናገሩት። በዕድሜ የበሰለ ሰው ቢሆን፣ ወይም የእናቴን ያህል በየለቅሶው የተቀመጠ ሰው ቢሆን፣ ወዲያው ይረዳቸው ነበር።

ለምን ያን ያህል እንደፈለጉት በኋላ ነው የሰማሁት፤ ለአንባቢ ግን አሁኑኑ መንገር ይሻላል። ጋሽ ደምሴና ባለቤታቸው እትዬ ዘነበች አዲስ ከተማ በተከራዩት ቤት ሲኖሩ የበኩር ልጃቸው ሞቶባቸዋል። የግቢው ባለቤት ድንኳኑን ለአንድ ቀን ታገሰና በማግስቱ ዕቃ ላስገባ ነው ብሎ አስነሳባቸው። ከሩቅ የመጣው ዘመድ በሩ ላይ ቆሞ አለቀሰ፤ እትዬ ዘነበች እንደ ለማኝ መንገድ ዳር ተቀምጠው ልጃቸውን አለቀሱ። እኚህ ሴት ደግሞ የሰፈሩን ሰው ሁሉ ሲቀብሩ የኖሩ ናቸው። ሰው ሞተ በተባለ ቁጥር የእድሩን ብረት ድስት ተሸክመው ቀድመው የሚደርሱት እሳቸው ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ለባለቤታቸው ቤት ሥራልኝ ብለው አያውቁም፤ ሰው የሚቀመጥበት መሬት ይኑረን ነበር የሚሉት። ያ ሐይቅ ዳር የተገኘ ቦታ የተፈለገው ለዚህ ነው፤ ቤቱ በላዩ የመጣ ነገር ነበር።

እኔ ግን ሜዳውን አይቼ የታየኝ ሌላ ነው። ሳሎኑን ከመሬት በታች ጥቂት ደረጃ አወረድኩት፤ ሰው ክብ ሠርቶ ተቀምጦ በትልቁ መስኮት ወደ ላይ ወደ አበባው እንዲያይ ነው። ከሳሎኑ የተቆፈረውን አፈር ደግሞ ግቢው ፊት ለፊት ቆልዬ፣ በድንጋይ ካብ እርከን እርከን አድርጌ፣ በየእርከኑ አበባ፣ ከሥር ትንሽ የውኃ ገንዳ አደረግኩ። ኮረብታ ባይሰጠኝ ኮረብታ ሠራሁ ማለት ነው። በካርቶን ሞዴሉን ስሠራ ዳቦ ጋጋሪዎቹ ሳይቀሩ ወጥተው አዩልኝ።

ሞዴሉን ሊያዩ ባልና ሚስት አብረው መጡ። ጋሽ ደምሴ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉና "ጎበዝ፣ ጎበዝ" አሉኝ። እትዬ ዘነበች አልተቀመጡም። ቀጭን፣ ረጅም፣ ነጠላቸውን ደረታቸው ላይ አጣፍተው የሚቆሙ ሴት ነበሩ። ከሞዴሉ ፊት ለፊት ያለውን ባለእርከን ግቢ ብዙ አዩት።

"ሰው ሲመጣ የት ነው?" አሉኝ።

ጣቴን ወደ ሳሎኑ ሰደድኩ። "እዚህ ነው እትዬ። ክብ ሆኖ ይቀመጣል፤ ሁሉም ሰው ፊት ለፊት ይተያያል።"

"ውጪስ?"

"ውጪው አበባ ነው።"

ባለቤታቸውን አዩ፤ ባለቤታቸው መሬት መሬት አዩ። ከዚያ እትዬ ዘነበች "እንግዲህ አንተ ታውቃለህ" አሉኝ።

እኔም ተደሰትኩ። የተማርኩ መሆኔን አምነው ሥራውን ለእኔ የተዉ መሰለኝ። በእኛ ቋንቋ "አንተ ታውቃለህ" ማለት ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ አበሻ አለ ብዬ ዛሬ ብናገር ማን ያምነኛል? እናቴ ለአባቴ "አንተ ታውቃለህ" ያለችው ዕለት ቤታችን ውስጥ ለሳምንት የሚነጋገር አልነበረም። ከማንም ባለጌ ስድብ ይልቅ የጨዋ ሰው "አንተ ታውቃለህ" እንደሚከብድ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። የዚያን ቀን ግን ማወቅ አልፈለግኩም፤ ሞዴሌን ታቅፌ ወደ ጠረጴዛዬ ተመለስኩ።

እስከዚህ ድረስ ያለውን፣ ወጣት ነበርኩ፣ አልገባኝም ነበር ብዬ ላልፈው እችል ነበር። ብዙ ዓመት ለራሴ የነገርኩትም እንደዚያ ነው። እውነቱ ግን ገብቶኛል። የግንባታው መሐንዲስ ተካ ይባላል፤ ይርጋለም ተወልዶ ያደገ፣ በሲዳምኛም በአማርኛም እኩል የሚቀልድ፣ እኩያዬ የሆነ ልጅ ነበር። የሳሎኑ ቁፋሮ ሊጀመር ባለበት ሰሞን፣ ከአጥሩ ጥግ ጥላ ሥር ተቀምጠን ቆጮ በጎመን እየበላን፣ ንድፉን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ሲያየው ቆየ።

"ስማ እስቲ" አለኝ። "ድንኳን የት ሊተክሉ ነው?"

ሳቅሁ። "ለሠርግ ከሆነ ስንት ሆቴል አለላቸው።"

"ሠርግ አላልኩም" አለ ተካ፤ ቆጮውን ቆርሶ ጎረሰ።

ያን ጊዜ ገባኝ። የሰው ቦታ ያሉት ምን እንደሆነ፣ እትዬ ዘነበች ውጪስ ያሉኝ ለምን እንደሆነ፣ ጋሽ ደምሴ ለምን መሬት መሬት እንዳዩ፣ ሁሉም አንድ ላይ ገባኝ። ለማስተካከል ጊዜ ነበር፤ አንድ ድንጋይ እንኳ ገና አልተካበም። በማግስቱ ጠዋት ቢሮ ገብቼ ንድፉን አወጣሁና እርከኖቹን በላጲስ አጠፋኋቸው። ግቢውን ባዶ አድርጌ፣ ሳሎኑን ወደ መሬቱ ልክ አውጥቼ ሳየው ቤቱ እንደማንኛውም ሰው ቤት ሆነ። ጥሩ ቤት ነው፤ ይኖሩበታል፤ ግን ማንም ቆሞ አያየውም። ጥቂት ተቀምጬ አየሁትና እርከኖቹን መልሼ ሣልኳቸው። ተካንም ቢፈልጉ ኖሮ ይነግሩኝ ነበር፣ እንዲያውም "አንተ ታውቃለህ" ብለውኛል አልኩት። እሱም ትከሻውን ነቅነቅ አድርጎ ወደ ሥራው ሄደ።

ቤቱ ሲያልቅ አማረ። ይህን ለመካድ አልችልም፤ አሁንም ፎቶግራፉን ሳይ እጄ የሠራው መሆኑ ይገርመኛል። ሰው ከአዲስ አበባ ሳይቀር እየመጣ አየው። ቅዳሜና እሁድ ሐይቅ ዳር ለሽርሽር የመጣ ሁሉ በሩ ላይ ቆም ይላል። አንድ የታወቀ የአዲስ አበባ ቢሮ ሰዎች ምሳ ጋበዙኝና እኛ ጋ ብትመጣስ አሉኝ። ጋሽ ደምሴ እንግዳ ሁሉ እየተቀበሉ "ይኸው፣ የሠራው ይህ ልጅ ነው" ሲሉ፣ እትዬ ዘነበች ከኋላቸው ቆመው ፈገግ ይላሉ። ወደ ሳሎኑ በደረጃው ሲወርዱ እትዬን ጉልበታቸውን ያማቸው ነበር። ክረምት ሲገባ ደግሞ የሐይቁ እርጥበት ከወለሉ ሥር እየመጣ ሻገት ሻገት ይል ጀመር። አንድም ቀን አላማረሩም። እንዲያውም በሄድኩ ቁጥር በዳቦ ላይ ማር አድርገው ይሰጡኝ ነበር፤ ያ ማር ሲበላ ጣፋጭ ነበር፣ አሁን ሳስታውሰው ግን ይመረኛል።

በሚቀጥለው ነሐሴ እትዬ ዘነበች አረፉ። ለጥቂት ሳምንት ታመው ነበር፤ ከቡሹሎ ጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል ሲመላለሱ ጠይቄያቸዋለሁ። ማለዳ መርዶውን ስሰማ ብስክሌቴን ይዤ በረርኩ። ሰማዩ ዝቅ ብሎ ያካፋል፤ መንገዱ ጭቃ ነው።

በሩ ላይ የእድሩ ሰዎች ደርሰዋል። ድንኳኑን፣ ቋሚዎቹንና አግዳሚዎቹን በጋሪ ጭነው መጥተው፣ ጋሪው ከበሩ ውጭ ቆሟል፤ እነሱ ከበሩ ውስጥ ቆመዋል።  የእድሩ ዳኛ፣ ፂማቸው የሸበተ ሰው፣ እርከኖቹን ከላይ እስከታች አይተው ሲያበቁ "እስቲ እንሞክር" አሉ። አንዱን ቋሚ ከታችኛው እርከን፣ አንዱን ከላይኛው አቆሙ። ሸራው ሲወጠር አዘመመ፤ ካስማ ሊመቱ ሲሉ የእኔ ድንጋይ አልበሳም አለ። ካፊያው ወደ ዝናብ ሲለወጥ ውኃው ሸራው ላይ ተጠራቀመና አንዱን ቋሚ ይዞት ወደቀ፤ አበባው ሁሉ ከሥሩ ገባ። ወደ ሳሎኑ እንዳይገቡ አሮጊቶቹ ያን ደረጃ መውረድ አይችሉም፤ ደግሞ የወለሉ ምንጣፍ ረጥቧል። እኔ ከበሩ ጥግ ብስክሌቴን እንደያዝኩ ቆሜያለሁ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ እወድ ነበር።

ከመንገዱ ማዶ ሐጂ ከድር የሚባሉ ነጋዴ ይኖራሉ። ነገሩን ከበራቸው ቆመው ሲያዩ ቆይተው ተመለሱና የጭነት መኪናቸውን ከግቢያቸው አስወጡ። ከዚያ በሩን በሁለቱም በኩል ወለል አድርገው ከፈቱት። የእድሩ ሰዎች ጋሪውን እየገፉ መንገዱን ተሻገሩ። የሐጂ ግቢ ጠጠር የፈሰሰበት ሜዳ ነበር፤ ድንኳኑ ሳይውል ሳያድር ቆመ። የሐጂ ባለቤትና ልጆቻቸው ውኃ ያመላልሳሉ፣ ንፍሮ ይቀቅላሉ። በደግነታቸው ከተማው ሁሉ አመሰገናቸው፤ ምስጋናው ይገባቸዋልም።

የእትዬ ዘነበች ታላቅ እህት ከቡታጅራ የደረሱት ከቀብር መልስ ነው። አሮጊት ናቸው፤ ሁለት ሰው ደግፏቸው ከመኪና ወረዱ። ወደ እህታቸው ቤት በር ሲያመሩ አይ፣ በዚህ ነው ብለው ወደ ማዶ መለሷቸው። ቆሙ። ወደ ተዘጋው በር ዞረው አዩ፤ ወደ ድንኳኑ ዞረው አዩ።

"ዘንዬ" አሉ፤ ጩኸትም አልነበረም። "ዛሬም በሰው ደጅ?"

ይህችን ቃል የሰማ ሁሉ አለቀሰ፤ እኔ ማልቀስም አፈርኩ። ስለ በኩር ልጃቸው ሞትና ስለዚያ የግቢ ባለቤት የሰማሁትም ያን ጊዜ ነው፤ አጠገቤ የተቀመጠች ጎረቤት በሹክሹክታ ነገረችኝ። በሁለቱም ለቅሶ ሰው መጥቷል፣ ሁለቱንም ጊዜ የራሳቸው በሆነ መሬት ላይ የሚቀመጥ አጥቷል። የመጀመሪያውን ጊዜ ያስነሳቸው ግቢ የነበረው ሰው ነው። ሁለተኛውን ጊዜ ግቢ ነበራቸው፤ ያስነሳኋቸው እኔ ነኝ።

በሠልስቱ ቀን ጋሽ ደምሴ ከድንኳኑ ጥግ ሆነው በእጃቸው ጠሩኝ። ጠጋ ስል ተካ ከአጠገባቸው ተነሳና ቦታ ለቀቀልኝ፤ ዓይኑ ቀልቶ ነበር፣ የማን ዓይን ያልቀላ ነበር። ተቀመጥኩ። ጋሽ ደምሴ እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አሳረፉ። ካፊያው ሸራው ላይ ይንጠባጠባል፤ ያን ትንሽ ድምፃቸውን ለመስማት ጎንበስ አልኩ።

"አንተ ላይ ጥፋት የለም" አሉኝ። "ሰው ብዙ ይላል፤ እንዳትሰማ። እኛ ነን ያልነገርንህ። በአዲስ ቤት ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይነሳም ብለን አፋችንን ያዝን። አንተ ምን ታውቃለህ?"

ያን ጊዜ ነበር ልናገር የሚገባኝ። ጋሽ ደምሴ፣ አውቄያለሁ፤ ተካ ነግሮኛል፤ ላጲስ አንስቼ አጥፍቼው መልሼ ሣልኩት ማለት ነበረብኝ። አፌን ስከፍት ግን የወጣው ሌላ ነው። ሰው ጥፋተኛ ነኝ ሲለን ሁላችንም ሳናስበው የምንላትን ያቺን ቃል ነው ያልኩት።

"ግድ የለም ጋሽ ደምሴ" አልኩ።

ራሳቸውን ነቅነቅ አደረጉ፤ እጃቸውን ከጉልበቴ አነሱ። ክረምቱ ሳይወጣ ወደ አዲስ አበባ ሄድኩ።

ከዚያ በኋላ ያለው ብሌን የምትጽፈው ነው። በዚያ ቤት ፎቶግራፍ ሥራ አገኘሁ፤ በሥራው ስም አገኘሁ። ብዙ ቤት ሠራሁ፤ ትምህርት ቤትም ሠራሁ፤ የቢሮ ወንበርና ጠረጴዛ ሳይቀር ነድፌያለሁ። ከዚያ ቤት በኋላ ግን ከቤቱ ፊት ባዶ መሬት ሳልተው የሠራሁት የለም። ደንበኞቼ ተከራከሩኝ፤ ይህን ሁሉ መሬት ለምን ታባክናለህ አሉኝ፤ እኔም ዝም ብዬ ባዶውን እተዋለሁ። አንድ ተቺ ይህን አይቶ ስለ ባዶነት ያለኝን ፍልስፍና ጽፎልኝ ነበር። አንብቤ ስጨርስ ወረቀቱን አጥፌ ተቀመጥኩበት። ሐዋሳ ግን አልተመለስኩም። ጋሽ ደምሴ ሲያርፉም ሥራ በዛብኝ ብዬ በስልክ ብቻ አጽናናሁ። በእኛ አገር እንዲህ ያለው ሰው ምን እንደሚባል አንባቢ ያውቃል።

ብሌን እንቢታዬን አልቀበል ብላኝ ባለፈው ሳምንት አብረን ሄድን። በዚህ ዕድሜ የመኪና መንገድ ወገብ ይሰብራል፤ ዝዋይ ላይ ወርደን ሻይ ስንጠጣ ብንመለስስ ልላት ምንም አልቀረኝም። ሐዋሳን አላወቅኳትም። ጋሪው በባጃጅ ተተክቷል፤ የዳቦ ቤቱ ቦታ ላይ ፎቅ ቆሟል። የቤቱን በር የከፈተችልን የጋሽ ደምሴ ልጅ ሰናይት ናት። እናቷ ሲሞቱ ኮሌጅ ጨርሳ የተመለሰች ወጣት ነበረች፤ አሁን ፀጉሯ ሸብቷል፣ አቋሟ የእናቷ ነው።

ብሌን ገና እንደገባች ቆመች። እርከን የለም፤ ገንዳም የለም። ከበሩ እስከ ቤቱ ሣር ያለበት ሜዳ ብቻ ነው።

"እንዴ፣ ማን አፈረሰው?" አለች። ልጅ ናት፤ ፊቷ ላይ ሐዘን ነበረባት።

"አልፈረሰም" አለች ሰናይት። "አባዬ ነው ያስተካከለው።"

አስተካከለው። ሰናይት መሬቱን ደልድሎ እኩል አደረገው ማለቷ ነው፤ እኔ የሰማሁት ግን ሁለተኛውን ትርጉም፣ ስሕተት ማረምን ነው። ጋሽ ደምሴ ሱቁን ከዘጉ በኋላ በየበጋው በአካፋ ትንሽ ትንሽ እያሉ ድንጋዩን አንስተው፣ አፈሩን በዚያው ከተቆፈረበት ከሳሎኑ ውስጥ መልሰው ሞሉት። ሲደክማቸው ያርፋሉ፤ በማግስቱ ይቀጥላሉ። ልጆቻቸው ሰው እንቅጠርልህ ሲሉ አይሆንም ብለዋል። እሳቸው ሲያርፉ ድንኳኑ ከበሩ እስከ ቤቱ ተተክሎ ሰው ሁሉ በዚያ ተቀመጠ። ሰናይት ይህን ስትነግረኝ ከምንም ነገር ጋር አላያያዘችውም፤ አልመጣህም አላለችኝም።

ብሌን ፎቶ ልታነሳ ወደ ቤቱ ጀርባ ዞረች። በዚያ ሣር ላይ ከሰናይት ጋር ብቻችንን ቀረን።

"ሰናይት፣ ያን ጊዜ ተነግሮኝ ነበር" አልኳት። "አባትሽ አልነገርነውም እያሉ ኖረዋል። ተነግሮኛል፤ እያወቅኩ ነው የሠራሁት።"

"አውቃለሁ" አለችኝ። "ተካ ለአባዬ ነግሮታል፤ በእማዬ ሠልስት፣ እርስዎ አጠገቡ ከመቀመጥዎ በፊት። ተካ እያለቀሰ ነበር የነገረው። እኔ እጅ ላስታጥብ አጠገባቸው ቆሜ ሰምቻለሁ።"

 ታዲያ ለምን ብዬ ልጠይቃት ስል ቀደመችኝ።

"ተካን ዝም በል አለው። 'ልጁ ገና ነው፤ ይህን ተሸክሞ አይሂድ' አለና እርስዎን ጠራዎት።"

ስንመለስ መኪና ውስጥ ስለዚህ ሳስብ መጣሁ። ይህን ሁሉ ዓመት የከበደኝ እውነቱን ሳልናገር መቅረቴ ነበር፤ ስናገር ይቀለኛል ብዬ አስብ ነበር። ተናገርኩት፤ አልቀለለኝም። ያ ሰው ሚስቱን በቀበረ በሦስተኛው ቀን፣ በሰው ግቢ ተቀምጦ፣ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን እያወቀ "ጥፋተኛው እኔ ነኝ" አለኝ። እኔም "ግድ የለም" ብዬ ይቅር አልኩት።